የአባቴን ፎቶ ልስጣት?

በዚህ ወር ከዋሽንግተን ዲሲና ከአካባቢዋ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ከላቲን አሜሪካ ስለመጡት ላቲኖ ጎረቤቶቻችን በዓልና ጥበብ የሚጠይቁ ናቸው። ተራርቀው ከሚወጡ አንድ ላይ ብመልሳቸው ይሻላል ብዬ ሰበሰብኳቸው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የምንኖረው ኮሎምቢያ ሃይትስ ነው። የ9 ዓመት ልጄ የቅርብ ጓደኛዋ የሳልቫዶር ልጅ ናት። ባለፈው ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ለሙታን ቀን ጠረጴዛ ስለሚያዘጋጁ ከቤተሰብ የሞተ ሰው ፎቶና ይወደው የነበረውን ምግብ አምጡ ይላል። ልጄ «የአያቴን ፎቶ ካልወሰድኩ» ብላ አለቀሰች። እናቴ ደግሞ አብራን ናት። «መንፈስ የሚጠሩበት ቦታ የባሌ ፎቶ አይሄድም» ብላ ከግድግዳ አውርዳ ደበቀችው። በዚህ ላይ የልጄ ጓደኛ እናት በዚያው ቀን ቤቷ ጠርታናለች። መሀል ላይ ቀረሁ። ምን ይሻለኛል?
ከኮሎምቢያ ሃይትስ

መልስ፦ የኔ እህት፣ መጀመሪያ ከእናትሽ ልነሳ። የሰጉት አለምክንያት አይደለም። ባላቸውን የቀበሩ ሴት ናቸው፤ ፎቶውም የእሳቸው ነው። ስለዚህ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይሸፋፈን ሊነገራቸው ይገባል።

በዓሉን «ዲያ ዴ ሎስ ሙኤርቶስ» ይሉታል። የሙታን ቀን ማለት ነው። ኖቬምበር 1 እና 2 ይውላል፤ በእኛ ጥቅምት 22 እና 23 ገደማ። የመጀመሪያው ቀን በሕፃንነታቸው ለሞቱ፣ ሁለተኛው ለአዋቂዎች ነው። ሜክሲኮዎች ከስፔን የመጣውን የካቶሊክ በዓል ከዚያ በፊት ከነበረው ከአገሬው ልማድ ጋር አዋህደው ያቆዩት ነው። ዩኔስኮ በ2008 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። የእኛ መስቀል በ2013 የገባበት መዝገብ ማለት ነው።

ጠረጴዛው «ኦፍሬንዳ» ይባላል። የሟቹ ፎቶ መሀል ላይ ይቆማል። ሻማ ይበራል። አንድ ብርጭቆ ውሃ ይቀመጣል፤ ከሩቅ መንገድ የመጣች ነፍስ ይጠማታል ይላሉ። ትንሽ ጨው አለ። «ፓን ዴ ሙኤርቶ» የሚሉት ክብ ዳቦ አለ፤ ላዩ ላይ በሊጥ የአጥንት ቅርጽ ተሠርቶበት ስኳር ይነሰነስበታል። ወረቀት በመቀስ ተፈልፍሎ እንደ ጥልፍ ይንጠለጠላል። ዙሪያውን ደግሞ «ሴምፓሱቺል» በሚባል ብርቱካንማ ቢጫ አበባ ያለብሱታል። ከሩቅ ስታዪው አደይ አበባ ነው የሚመስልሽ። «ኮፓል» የሚሉት የዛፍ ሙጫም ያጤሳሉ፤ ከእኛ እጣን ብዙ የራቀ አይደለም።

አሁን እናትሽን ወደሚያስጨንቀው ነገር እንምጣ። በልማዱ የሟች ነፍስ በዚያች ሌሊት ቤቷን ልትጎበኝ ትመጣለች ብለው ያምናሉ። በእኛ ተዝካር ለነፍስ ምሕረት እንለምናለን፤ የሚበላው ነዳያንና ጎረቤት ነው። እነሱ ግን ማዕዱን ለሟቹ ለራሱ ያቀርባሉ። ልዩነት አለ፤ የለም ብለሽ እናትሽን ለማሳመን አትሞክሪ። በሌላ በኩል ጠንቋይ የለም፣ መንፈስ የሚጠራ የለም። ትምህርት ቤት ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው፦ ልጆች ተራ በተራ ተነስተው «አያቴ እንዲህ ነበር» ብለው ያወራሉ። ፊታቸውን የራስ ቅል አስመስለው የተቀቡ ልጆችም ታያላችሁ። እናትሽን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ በድንገት ካዩት ይደነግጣሉ። ኮፍያ አድርጋ የምታጌጠው አጽም «ካትሪና» ትባላለች። ሆሴ ጓዳሉፔ ፖሳዳ የተባለ የሜክሲኮ ሰዓሊ ከ100 ዓመት በፊት የቀረጻት ናት። ሀብታም መስሎ የሚታይ ሁሉ መጨረሻው አጥንት ነው ሲል ነው ያወጣት። እኛስ ቀብር ላይ ይህንኑ አይደል የምንሰማው?

ሌላም ልታውቂው የሚገባ ነገር አለ። የልጅሽ ጓደኛ እናት ሳልቫዶራዊት ናት። ይህ ባለ አበባና ባለ ፎቶ ጠረጴዛ በይበልጥ የሜክሲኮ ነው። በኤል ሳልቫዶር ኖቬምበር 2 ቤተሰብ ተሰብስቦ መቃብር ይሄዳል። አረሙን ይነቅላል፣ መቃብሩን አጥቦ አዲስ ቀለም ይቀባል፣ አበባ ያኖራል። ቤት ሲመለስ በቡናማ ስኳር የተቀቀለ ዱባ ይበላል። «አዮቴ ኤን ሚኤል» ይሉታል። ስለዚህ ቤቷ የጠራችሽ ምናልባት ለዚህች ዱባ ይሆናል። ጠይቂያት፤ ደስ ይላታል። ሁሉንም ላቲኖ ሜክሲኮ አድርጎ የማየት ነገር እነሱን ያማቸዋል። ኢትዮጵያዊን አይቶ «ናይጄሪያ ነህ?» እንደማለት ነው።

ይህንን ዱባ እኔ እንዴት እንዳወቅኩት ልንገርሽ።

በ1987 ማውንት ፕሌዘንት ውስጥ አንድ አሮጌ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበርኩ። ከታች አንዲት የሳልቫዶር ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ኢንቲፑካ ከምትባል ትንሽ ከተማ የመጣች ናት። ከዚያች ከተማ ወደ ዲሲ የመጣው ሰው ብዙ ስለነበር መንገድ ላይ እርስ በርስ ሲሳሳሙ አይ ነበር። አገሯ ጦርነት ላይ ነበረች። የእኔም አገር ጦርነት ላይ ነበረች። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ፈገግ ተባብለን ከማለፍ ሌላ ቋንቋ አልነበረንም።

አባቴ የሞተው በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ነው። በደብዳቤ ነው የሰማሁት፤ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ። ወደ አገር ቤት መሄድ አልችልም። አርባው እኔ በሌለሁበት ወጣ። ኖቬምበር 2 ሰኞ ነበር፣ የዕረፍት ቀኔ። ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ቡና ቆላሁ። ጭሱ በደረጃው ወረደ መሰለኝ፣ በሩ ተንኳኳ። እሷ ናት። በፎይል የተሸፈነ ሳህን ይዛለች። የምጣዱን ሽታ ተከትላ አፍንጫዋን እያነሳች ገባች። በልጅነቷ ቡና ለቀማ ትሄድ እንደነበር በኋላ ነግራኛለች፤ ሰው ሳሎን ውስጥ ቡና ሲቆላ ግን አይታ አታውቅም።

ግድግዳዬ ላይ የአባቴን ፎቶ አየች። «ፓፓ?» አለች። በራሴ አዎ አልኳት። እሷም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ማማ» አለች። ከዚያ በመዳፏ አየሩን ወደ ላይ ወደ ታች ትዳስስ ጀመር። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ለካ የእናቷን መቃብር ቀለም ስትቀባ ነው። በዚያ ቀን እዚያ ሆና መቀባት ነበረባት፤ ማንም እንደማይቀባላት ታውቃለች።

ቡናውን ቀዳሁላት። «አሱካር?» አለችኝ። ስኳር ነው! ያለ አስተርጓሚ የገባኝ የመጀመሪያው የስፓኒሽ ቃል ይህ ነው። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ጠጣች። እኔ ዱባውን በላሁ። ቀረፋ ቀረፋ ይላል፤ ልጣጩ ሳይነሳ ስለሚቀቀል ጠርዙ ጠንከር ይላል። በዚያ ቀን ለአባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ጋር አለቀስኩ። ወደ ሜሪላንድ እስክትዛወር ድረስ በየዓመቱ ኖቬምበር 2 ዱባዋን ይዛ ትመጣለች፤ እኔም ቡናዬን እቆላለሁ።

ስለዚህ የኔ እህት፣ የልጅሽ ጓደኛ እናት ቤት ሂጂ። ባዶ እጅሽን ግን አትሂጂ። ድፎ ዳቦ ጋግሪ፤ ከዱባዋ ጎን ሲቀመጥ ያምራል። የፎቶውን ጉዳይ እናትሽ ይወስኑ። ከፈለጉ የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ። ከፈቀዱ ዋናውን አትስጪ፤ ኮፒ አስነሺ። ካልፈቀዱ ደግሞ ልጅሽ አበባ ይዛ ትሂድና ስለ አያቷ በቃሏ ታውራ። ለዚያ ግን አያቷን ማወቅ አለባት። ከአሁን ጀምሮ ማታ ማታ እናትሽ አጠገብ ትቀመጥና ትጠይቃቸው። ምን ይወድ ነበር? ሲቆጣ ምን ይል ነበር? ፎቶውን የደበቁ ሰው ይህን ጥያቄ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።

እናትሽ በዓይናቸው አይተው መወሰን ከፈለጉ ደግሞ 16ኛ መንገድ ላይ የሜክሲኮ የባህል ተቋም አለ። በ1911 ገደማ የተሠራ ትልቅ ቤት ነው፤ እስከ 1989 የሜክሲኮ ኤምባሲ ነበር። በሙታን ቀን ሰሞን ኦፍሬንዳ ያዘጋጃሉ። ደረጃውን ተከትሎ እስከ ላይ ድረስ ሮቤርቶ ኩኤቫ ዴል ሪዮ የተባለ ሰዓሊ በ1930ዎቹ ጀምሮ በ1941 የጨረሰው የግድግዳ ሥዕል አለ። ቀስ እያሉ መውጣት ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ደሴ እያለሁ በቀበሌ ኪነት ቲያትር እሠራ ነበር። አሁን ምግብ አመላላሽ ነኝ። 14ኛ መንገድ ላይ ቲቮሊ የሚባለውን ሕንፃ በየቀኑ አልፈዋለሁ። ውስጡ በስፓኒሽ ቲያትር ይታያል ይሉኛል። ስፓኒሽ አልችልም። ብገባ ይገባኛል? ደግሞስ እነሱ ሲኖራቸው እኛ ለምን የለንም?
ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ግባ። ከመድረኩ በላይ ንግግሩ በእንግሊዝኛ እየተጻፈ ይታያል። አንተ ደግሞ መድረክ ላይ የቆምክ ሰው ነህ። የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ጽሑፉን ታነባለህ፤ ከዚያ ዓይንህ ራሱ ተዋናዩ ላይ ይቀራል። እኔ እንዲያ ነው የሆንኩት።

ቲያትሩ «ጋላ» (GALA) ይባላል፤ «የላቲን አሜሪካ አርቲስቶች ቡድን» የሚለው የስፓኒሽ ስም ምኅጻር ነው። በ1976 ሁጎ ሜድራኖ የተባለ አርጀንቲናዊ ከባለቤቱ ከሬቤካ ጋር አቋቋመው። ሁጎ በ2023 አረፈ። ቲቮሊ ራሱ በ1924 የተሠራ ሲኒማ ቤት ነው። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል በተነሳው ረብሻ 14ኛ መንገድ ተቃጠለ፤ ሲኒማውም እየደከመ ሄዶ በ1976 ተዘጋ። ልብ በል፣ ቤቱ የተዘጋበትና ጋላ የተወለደበት ዓመት አንድ ነው። ሁለቱ የተገናኙት በ2005 ነው። 29 ዓመት! እስከዚያ ጋላ በሌላ በሌላ ቦታ እየሠራ ቆየ።

እኛ ለምን የለንም ላልከው፣ ሥሩ አለን። አገር ፍቅር የተቋቋመው በ1935 ነው። እዚህም ከአገር ቤት እየመጣ የሚታይ ቲያትር አለ፤ አዳራሽ ተከራይተን፣ አንድ ማታ አይተን እንበተናለን። የሚጎድለን ከዓመት ዓመት የሚቆይ ቤት ነው። ከጋላ ብንማር የምመኘው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ያ ከመድረክ በላይ ያለው ጽሑፍ ነው። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን አማርኛውን እየሰሙ በእንግሊዝኛ ቢከታተሉ፣ አጠገባችን ተቀምጠው ከእኛ ጋር እኩል ይስቃሉ። ሁለተኛው «ፓሶ ኑኤቮ» የሚሉት ነው፦ ወጣቶች ከትምህርት በኋላ በነፃ ትወና የሚማሩበት ፕሮግራም። አንተ የደሴ ቀበሌ ኪነት ልጅ ይህ አይጠፋህም። እንዲያ አይደል የጀመርከው? አንድ ማታ ገብተህ እየውና ምን እንዳሰብክ ጻፍልኝ። ከአንተ ጋር አብሮ የሚያስብ አንባቢ እንደሚገኝ አልጠራጠርም።

ልጆች ካሉህ ደግሞ በጃንዋሪ መጀመሪያ ውሰዳቸው። ጋላ «ሎስ ሬዬስ ማጎስ» የሚባለውን በዓል በነፃ ያከብራል። ሰብአ ሰገል ናቸው! ዘውዳቸውን ጭነው በሰፈሩ ውስጥ ይዞራሉ፤ ለልጆች ስጦታ ይሰጣሉ። የእነሱ በዓል ጃንዋሪ 6 ነው፤ የእኛ ገና በማግስቱ። ወርቁን፣ እጣኑን፣ ከርቤውን ልጆችህ ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቁት ነው። ቀኑ በእኛ የገና ጋድ ከሆነ አንተ የሚቀርብልህን ኬክ አመስግነህ ታልፋለህ፤ ቅቤና እንቁላል አለበት።

ጥያቄ፦ በጾም ፑፑሳ መብላት ይቻላል?
ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን ጠይቀሽ። ፑፑሳ ከበቆሎ ሊጥ የሚጋገር፣ ሆዱ የሚሞላ የሳልቫዶር ቂጣ ነው። አብዛኛው አይብ አለበት። ሎሮኮ የሚባለው የአበባ እምቡጥም የሚገባው ከአይብ ጋር ነው። የሚሻልሽ ባቄላ ብቻ ያለበት ነው፦ «ፍሪሆሌስ፣ ሲን ኬሶ» በይ። ከዚያ «ማንቴካ?» ብለሽ ጠይቂ፤ የአሳማ ስብ ማለት ነው። ባቄላው ብዙ ጊዜ በእሱ ይጠበሳል። በዘይት ነው ካሉሽ ብይ። ጎኑ ላይ የሚቀርበው ጎምዛዛ ጥቅል ጎመን ኩርቲዶ ይባላል፣ የጾም ነው። በእጅ ነው የሚበላው፤ ሹካ አትጠይቂ።

ጥያቄ፦ እኅቴ፣ እኔ ከ1983 ጀምሮ አዳምስ ሞርገን ላይ ታክሲ የነዳሁ ሰው ነኝ። ኮሎምቢያ ሮድ አካባቢ አንድ ትልቅ የግድግዳ ሥዕል አለ። ስንት ጊዜ ሰው ሳወርድ አይቼዋለሁ። የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ስፓኒሽ ይማራል፤ ስሙን ነገረኝና ትርጉሙ ግን አልሆንልህ አለው። ምን ማለት ይሆን?
ጡረተኛ ባለታክሲ

መልስ፦ ጋሼ፣ ይህን በመጠየቅዎ በጣም ደስ ብሎኛል። ሥዕሉን በ1977 የሣሉት ካርሎስ ሳላሳርና ፌሊፔ ማርቲኔስ የተባሉ ከቺሊ የመጡ ሰዎች ናቸው። ያን ጊዜ ቺሊ በወታደር እጅ ነበረች። በዚያ መፈንቅለ መንግሥት የተደረገው ሴፕቴምበር 11 ቀን 1973 ነው፤ ጃንሆይ የወረዱት ሴፕቴምበር 12 ቀን 1974። አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ነው ልዩነቱ። ያ ሰፈር ቺሌውንም፣ ሳልቫዶሩንም፣ እኛንም ያስጠጋው በአንድ ዘመን ነው። በ80ዎቹ 18ኛ መንገድ ላይ ምግብ ቤቶቻችን ሲከፈቱ ሥዕሉ ቀድሞን እዚያ ነበር።

ስሙ «ኡን ፑኤብሎ ሲን ሙራሌስ ኤስ ኡን ፑኤብሎ ዴስሙራሊሳዶ» ነው። የልጅ ልጅዎን የቸገረው የመጨረሻው ቃል ነው። መዝገበ ቃላት ውስጥ አይገኝም። ሰዎቹ የፈጠሩት ነው። «ሙራል» የግድግዳ ሥዕል ነው። ስለዚህ ሰሙ፦ የግድግዳ ሥዕል የሌለው ሕዝብ፣ ግድግዳው የተራቆተ ሕዝብ ነው። አሁን «ሙ»ን ወደ «ሞ» ይቀይሯት። «ዴስሞራሊሳዶ» ይሆናል፤ ሞራሉ የወደቀ ማለት ነው። ወርቁ ይኸው። አንዲት ፊደል ናት። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም፤ እኔ መጀመሪያ የተነገረኝ ቀን መንገድ ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ ደጋገምኩት።

ቀለሙ ከዓመታት በኋላ ደብዝዞ ነበር፤ በ2005 ታደሰ። ሊፈርስ የሚችል ነገር ነበር። በሰፈሩ ኪራይ ሲወደድ ብዙዎቹ ሳልቫዶሮች ወደ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሄዱ፤ የእኛም ሰው እንዲሁ። የላቲኖዎቹ የሴፕቴምበር የበዓል ሰልፍ ራሱ ድሮ ማውንት ፕሌዘንት ነበር፤ በኋላ ወደ መሀል ከተማ ተዛወረ። እርስዎ በ1991 ሜይ ላይ የሆነውን ያስታውሱ ይሆናል። ማውንት ፕሌዘንት ላይ አንድ ሳልቫዶራዊ ከፖሊስ በተተኮሰ ጥይት ቆሰለ፤ ሰፈሩ ተናደደ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ። እኔ በዚያ ሰሞን ከመስኮቴ ሥር አስለቃሽ ጭስ ሸቶኛል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል መቆየቱን ሳስብ፣ ሰዎቹ ስም ሲያወጡለት ያወቁት ነገር ነበር እላለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከልጅ ልጅዎ ጋር ይሂዱ። በታክሲ ሳይሆን በእግር። ከግድግዳው ፊት ቆማችሁ እሱ ስሙን በስፓኒሽ ያንብብልዎ፤ እርስዎ ደግሞ ሰምና ወርቅ ምን እንደሆነ በአማርኛ ይንገሩት።